ከኮርማው በፊት ግርግሙ ይታይ

ሰኔ ሲጋመስ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የዓመቱን ሪፖርት ያጠናቅራሉ። በእንስሳት ሀብት ክፍሉ ሰንጠረዥ ላይ የማይቀሩ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ አንዱ በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዳቀሉ ላሞችን፣ ሌላው የተወለዱ ዲቃላ ጥጆችን ቁጥር ይይዛል። አፈጻጸሙ በመቶኛ ተሰልቶ ከጎን ይቀመጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጽሕፈት ቤቱ ይመሰገናል፣ ከወረደ ይጠየቃል። እነዚያ ላሞች ወልደው በቀን ስንት ሊትር እንደታለቡ፣ ምን እንደበሉ፣ ከወለዱ በኋላ ስንት ወር ቆይተው እንደገና ኮርማ እንደፈለጉ የሚያሳይ ዓምድ ግን በአብዛኛው የለም።

የወተት ልማቱ ድካም ብዙ ጊዜ የሚባክነው በዚህ ባዶ ቦታ ነው። የሚቆጠረው ይሠራል፣ የማይቆጠረው ይረሳል። አዳቃይ ባለሙያው የኮታውን ያህል ላም ካዳቀለ ሥራውን ፈጽሟል፤ ጥጃዋ ስትወለድም ባለሙያው ጆሮዋን ቆጥሮ ይሄዳል። ጊደር ሆና፣ ወልዳ፣ ታልባ የአርሶ አደሩን ቤት መለወጥ አለመለወጧን የሚጠይቅ ወደዚያ በረት ተመልሶ አይመጣም።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የእንስሳት ሀብት ናሙና ጥናት መሠረት አገሪቱ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት አላት። ከዚህ ውስጥ ከ97 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገር ውስጥ ዝርያ ነው። የአገር ውስጥ ላም በአማካይ በቀን 1 ሊትር ተኩል ገደማ፣ ለሰባት ወር ያህል ትታለባለች። ሲደመር በአንድ ወሊድ 300 ሊትር ቢሆን ነው። በአፍሪካ በከብት ብዛት ግንባር ቀደም የሆነች አገር ለከተሞቿ የዱቄት ወተት ከውጭ የምታስገባው በዚህ ምክንያት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ተረት በዚህ ቁጥር ፊት ተረትነቱ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩን አንብቦ የአበሻ ላም ጥፋተኛ ናት ብሎ መደምደም ተገቢ አይደለም። ይህች ላም ለወተት ተመርጣ አታውቅም። በዘመናት የተመረጠችው በጋውን በገለባ ተሻግራ፣ መዥገሩንና በሽታውን ችላ፣ ቀንበር የሚሸከም በሬ እንድትወልድ ነው። ይህንንም በሚገባ ፈጽማለች። ጥጃዋ አስቀድሞ ሳይጠባት ወተቷን የምትከለክለውም ተፈጥሮዋ ለልጇ ስለሚያደላ ነው። ወተት የተረፈ ነገር ነበር፤ ዋናው ውጤት በሬው ነው።

የውጭ የወተት ከብቶች ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገቡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት በኩል 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች መጡ፤ በአዲስ አበባ ሾላም የወተት ማቀነባበር ተጀመረ። ቀጥሎ በአርሲ የጭላሎው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የአርሲን ላሞች ከፍሪዥያን ጋር አዳቅሎ ለገበሬው ማከፋፈል ያዘ። ዛሬ በአሰላና በአካባቢው ወተት የሚገኘው ከዚያ ሥራ በተዘረጋ መሠረት ላይ ነው። እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ። ካዱ ጊደር ሲሰጥ የመኖ ዘር፣ የእንስሳት ሕክምናና የወተት መሰብሰቢያ አብሮ ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወረዳዎች የወሰዱት ግን የኮርማውን ዘር ብቻ ነው።

ውጤቱ በገጠሩ በሰፊው የታወቀ ነው። አንድ አርሶ አደር ሁለት በሬ ሸጦ፣ ከብድርና ቁጠባም ጨምሮ አንዲት የምታገባ ዲቃላ ጊደር ይገዛል። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ «የፈረንጅ ላም መጣች» ይባላል። እሷም ትወልዳለች፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰባትም ስምንትም ሊትር ትታለባለች። ከዚያ ትወርዳለች፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት። ከአምስት ወር በኋላ አጥንቷ ይቆጠራል። ኮርማ አትፈልግም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትወልድ ቆይታ በመጨረሻ ለሥጋ ትሸጣለች። አርሶ አደሩ በሬውንም፣ ላሟንም፣ በዲቃላ ላይ የነበረውን እምነትም ያጣል። ጎረቤቱም አይቶ ይማራል። የተማረው ትምህርት ግን «ይህ ዝርያ ለእኛ አይሆንም» የሚል ነው፤ ይህም ትክክል አይደለም።

የሆነው ነገር ቀላል የሂሳብ ስሌት ነው። ላም የምትበላውን አስቀድማ ለራሷ ሰውነት መጠበቂያ ታውለዋለች፤ ወተት የሚወጣው ከዚያ ከተረፈው ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን የአበሻ ላም በቀን ከ6 እስከ 7 ኪሎ ደረቅ መኖ ካገኘች ራሷን ትችላለች። 400 ኪሎ የምትመዝነው ዲቃላ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ትፈልጋለች። በዚያ ላይ ከ2 እስከ 2 ሊትር ተኩል ለሚሆን ወተት 1 ኪሎ ያህል ፉርሽካና ፋጉሎ የተቀላቀለበት መኖ ያስፈልጋታል። ስምንት ሊትር ለማለብ በቀን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ድብልቅ መኖ ማለት ነው። ውሃው ደግሞ አለ። ወተት 87 በመቶ ገደማ ውሃ ነው፤ አሥር ሊትር የምትታለብ ላም በቀን 50 ሊትርና ከዚያ በላይ ትጠጣለች። ይህ ሁለት ተኩል ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑን የምትሸከመው ብዙ ጊዜ የቤቱ እመቤት ወይም ልጅቷ ናት። ላሟ ስትገዛ ይህን ጉልበት ያሰላ ግን የለም።

ገለባ ብቻ የሚቀርብላት ዲቃላ መጀመሪያ ወተቱን የምትሰጠው ከራሷ ሥጋ ቀንሳ ነው። ሥጋዋ ሲያልቅ ወተቱ ይነጥፋል። ሰውነቷ ካላገገመ ድራት አይመጣም። ትልቁ ኪሳራም ያለው እዚህ ላይ ነው። አርሶ አደሩ የሚያየው ዛሬ ጠዋት የጎደለውን አንድ ሊትር ነው፤ የማያየው ግን በሁለት ወሊዶች መካከል የባከነውን ዓመት ነው። በየዓመቱ የምትወልድ አምስት ሊትር የምትሰጥ ላም፣ በሁለት ዓመት አንዴ ከምትወልድ ስምንት ሊትር ከምትሰጥ ላም ትበልጣለች። ጥጃውንም ወተቱንም የሚቆጥር ሰው ይህን ለመረዳት ብዕር አያስፈልገውም።

ስለዚህ ወረዳ ለአንድ ቀበሌ የማዳቀል ኮታ ከመስጠቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ በዚህ ቀበሌ ሩብ ሄክታር እንኳ መኖ የተከለ አርሶ አደር ስንት ነው? የዝሆን ሣር፣ ደሾ፣ ሰስባኒያ፣ ትሪሉሰርን፣ በደጋው አጃና ቪች፤ ስማቸው በየሥልጠናው ይነሳል፣ ማሳ ላይ ግን በጥቂቱ ነው የሚታዩት። መኖ መሬት ይሻማል የሚለው መከራከሪያ ሐሰት አይደለም፤ በቤተሰብ አንድ ሄክታር በማይሞላበት አገር ጤፍ ይነቀልና ሣር ይተከል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ደሾና የዝሆን ሣር በእርከን ላይ፣ ሰስባኒያና ትሪሉሰርን በአጥር ዙሪያ ይበቅላሉ። በተፋሰስ ልማት ከልቅ ግጦሽ የተከለሉ ተራሮችም ሣራቸው ታጭዶ ወደ በረት መግባት አለበት። ብዙ ቦታ ሣሩ ቆሞ ይደርቃል፤ የተከለለው ለማስጎብኘት ይመስል።

ለገለባውም መፍትሔ አለው። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ያህል ውሃ ሟሙቶ 100 ኪሎ ገለባ ላይ እየተረጨ ይታመቃል፤ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ተሸፍኖ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ሲከፈት ጥቂት ሰዓት ተናፍሶ ይቀርባል። ገለባው ይለሰልሳል፣ ፕሮቲኑ ይጨምራል፣ ላሟም የበለጠ ትበላለች። ዩሪያው ለብቻው ወይም በደንብ ሳይሟሟ ከቀረበ መርዝ መሆኑ፣ ከስድስት ወር በታች ለሆነ ጥጃም እንደማይሰጥ አብሮ ሊነገር ይገባል። ማዳበሪያ ለማሳው ለማግኘት ወረፋ የሚጠብቅ ገበሬ 5 ኪሎ ለገለባ ይቀንስ ሲባል ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ሂሳቡ ይቻላል፤ ያ 5 ኪሎ የሚመልሰው በወተት ነው።

ሌላው ሳይነገር የሚቀረው የደም መጠን ጉዳይ ነው። የአበሻ ላም ከፍሪዥያን ጋር ስትዳቀል የምትወለደው ጥጃ 50 በመቶ የፈረንጅ ደም ይኖራታል። ከሁለቱም ወገን ያለው ጥንካሬ በዚህ ትውልድ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ወተቷ ይጨምራል፣ የአካባቢውን በሽታም ከሞላ ጎደል ትቋቋማለች። ይህች ዲቃላ አድጋ ድራት ስታሳይ ባለሙያው በድጋሚ የፍሪዥያን ዘር ይዞ ይመጣል። ልጇ 75 በመቶ፣ የልጅ ልጇ ወደ 88 በመቶ ትደርሳለች። በባሕር ዳር ወይም በደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ፉርሽካ እየገዛ፣ በቤት አስሮ ለሚቀልብ ሰው ይህ አዋጭ ሊሆን ይችላል። በገጠር ደጅ ለምትውል ላም ግን ደሙ ከፍ ባለ ቁጥር ሙቀቱ፣ መዥገሩ፣ የቆዳ ጉርብርቡና ረሃቡ ይበረቱባታል። በሞቃት አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች አነስተኛ ይዞታ ላለው ገበሬ ከ50 እስከ 62 በመቶ ያለው ደም የተሻለ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል።

ይህን ለመቆጣጠር የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። የእናቲቱ ደም ስንት እንደሆነ፣ የኮርማው ቁጥር፣ የተዳቀለችበት ቀን የሚጻፍበት ካርድ በአርሶ አደሩ እጅ፣ ግልባጩ በቀበሌው ጣቢያ ቢቀመጥ ይበቃል። የጆሮ ቁጥር ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው። አሁን በብዙ ቦታ ያለው መዝገብ ባለሙያው ሲቀየር አብሮ የሚሄድ ደብተር ነው። ካርድ በሌለበት ባለሙያው ቢፈልግም ትክክለኛውን ዘር መምረጥ አይችልም፤ በዓይኑ ገምቶ ያዳቅላል። ጥቁርና ነጭ የሆነ ሁሉ ደግሞ ፍሪዥያን አይደለም፤ በጣና ዙሪያ በተለይ።

ስለ ማዳቀሉ ሂደትም ጥቂት መባል አለበት። ላም በ21 ቀን አንድ ጊዜ ድራት ታሳያለች፤ ድራቱም ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። በአገር ውስጥ ዝርያዎች ላይ ጊዜው ያጥራል፤ ብዙውን ጊዜም ማታ ይሆናል። ደንቡ ጠዋት ድራት የታየባት ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል የሚል ነው። አርሶ አደሩ ይህን ቢያውቅም ባለሙያው ያለው የወረዳው ከተማ ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ እረፍት ነው፤ የሞተር ብስክሌቱ ነዳጅ ያልቃል፤ የኮርማው ዘር የሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ሳይደርስ ይቀራል። ዘሩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው የሚቆየው፤ ናይትሮጅኑ ከጎደለ ቀፎው ብቻ ይቀራል። በጸጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋባቸው ወራትም በዚህ ላይ ይደመራሉ። ላም ባለሙያ እስኪመጣ አትጠብቅም፤ አንድ ድራት ካመለጠ 21 ቀን ነው። ሦስት ድራት ሲያመልጥ ሁለት ወር ሄደ ማለት ነው። በዓል ቀን ተረኛ ባለሙያ መመደብ የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት ሳይሆን የአንድ ኃላፊ ፊርማ ነው።

በሆርሞን ብዙ ላሞችን በአንድ ጊዜ ወደ ድራት አምጥቶ በዘመቻ ማዳቀልም ተሞክሯል። ዘዴው መጥፎ አይደለም። ሆርሞን ግን የከሳችን ላም አያደልብም፤ በሚያዝያና በግንቦት አጥንቷ የወጣ ላም ተወግታ ብትዳቀልም የምታረግዘው ጥቂቷ ናት። ዘመቻው መኸር ከተሰበሰበ በኋላ፣ ላሞቹ ሥጋ ለብሰው ሳሉ ቢሆን ያው መርፌ ሌላ ውጤት ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ጊዜውን የሚወስነው የላሟ ሁኔታ ሳይሆን በጀቱ የተለቀቀበት ወር ነው።

እስከዚህ የተባለው ለማንኛውም የክልሉ ወረዳ ይሠራል። ጣና ዳር ሲደርስ ግን ጉዳዩ ይለወጣል።

በጣና ሐይቅ ምሥራቅና ሰሜን ባለው ሜዳ፣ በፎገራ፣ በደራ፣ በሊቦ ከምከም፣ በጎንደር ዙሪያና በደምቢያ፣ ከሌላው የደጋ ከብት የሚለይ ዝርያ አለ። የፎገራ ከብት ግዙፍ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ከአካባቢው ላሞች ሁሉ በወተቱ የታወቀ ነው። ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት ክረምት ረግረጉን፣ ዝንቡንና አልቅቱን ችሎ የኖረ ከብት ነው። ውሃው ሲበረታ እረኞች ወደ ከፍታው ያወጡታል፤ ውሃው ሲሸሽ ወደ ለምለሙ ሣር ይመልሱታል። የዝርያው ጥንካሬ የተገነባው በዚህ ምልልስ ነው። ከውጭ የመጣ ምንም ዓይነት ኮርማ ይህን ጥንካሬ ይዞ አልመጣም።

አሁን ያ ሜዳ የለም ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ በሁለት የአምራቾች ማኅበራት የተጀመረው ሩዝ ዛሬ የፎገራን ሜዳ ሸፍኗል። በሩዝ ላይ መናደድ አይገባም፤ ከዚያ በፊት በየክረምቱ ጎርፍ የሚበላው መሬት የአርሶ አደሩን ቤት በቆርቆሮ ያለበሰው በሩዝ ነው። ነገር ግን ሩዙ የያዘው መሬት የከብቱ ግጦሽ ነበር። የተረፈውን አሜኬላ ወረረው፤ ይህን እሾሃማ አረም ከብት አይበላውም፣ የሚበላውንም ሣር ያፍናል። በሐይቁ ዳር ያለውን ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ደርሶበታል። ግጦሹ ሲጠብ አርሶ አደሩ ግዙፉን የፎገራ ከብት በትንሿ የደጋ ከብት መተካት ጀመረ፤ ትንሿ በጥቂቱ ትኖራለች። ከደጋው ለሩዝ እርሻ የሚመጡ በሬዎችና የሚገዙ ላሞችም በመንጋው ውስጥ ተቀላቀሉ። ያልተደበላለቀ የፎገራ ከብት ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው።

በዚህ ላይ ለፎገራ ሜዳም ለሌላውም አንድ ዓይነት የማዳቀል ኮታ ሲሰጥ ነገሩ እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ይሆናል። ንጹሕ የፎገራ ላም በፍሪዥያን ስትዳቀል ጥጃዋ ለአርሶ አደሩ ጥሩ ናት፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ያቺ ላም በዕድሜዋ የምትወልደው የተወሰነ ጥጃ ነው። ሁሉም ዲቃላ ከሆኑ እሷን የምትተካ የፎገራ ጊደር የለችም። የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላ ጥንካሬዋን የምታገኘው ከሁለት ንጹሕ ወገኖች ነው። ንጹሕ የፎገራ እናት ስታልቅ ጥሩ ዲቃላም አብራ ታልቃለች። ስለ ዝርያ ጥበቃ ሲነሳ አንዳንድ ኃላፊዎች የሙዚየም ሥራ አድርገው ያዩታል፤ ጉዳዩ ግን የነገ ወተት ፋብሪካ እናት ላሞች ጉዳይ ነው።

ሥራው ከዜሮ የሚጀመር አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ለአሥርት ዓመታት የፎገራን ከብት ሲያራባ፣ ሲመዝንና ሲመዘግብ ቆይቷል። በአዊ በኩል ያለው የመተከል ከብት ማራቢያም ዝርያውን ለመጠበቅና ከፍሪዥያን ጋር የተዳቀሉ ጊደሮችን ለአርሶ አደሩ ለማቅረብ የተቋቋመ ነው። ችግሩ በማዕከሉ በረት ውስጥ ያለው ጥቂት መቶ ከብት ዝርያን አለማትረፉ ነው። ዝርያ የሚተርፈው በአርሶ አደሩ ደጅ ነው። ሩዝ በወረታ የራሱ ብሔራዊ የምርምርና የሥልጠና ማዕከል አለው፤ ሲገባው ነው ያገኘው። ከሩዙ ጋር አንድ ሜዳ የሚጋራው ከብት ከወረዳው ዕቅድ ውስጥ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይገባዋል።

አርሶ አደሩ ግን ትክክለኛ ጥያቄ አለው፤ ጎረቤቴ ዲቃላ አልቦ ልጁን ሲያስተምር እኔ ለምን ዝርያ ጠባቂ ሆኜ ልቅር? መልሱ ስብከት ሊሆን አይችልም። ንጹሕ የፎገራ ጊደር ያሳደገ ሰው ከገበያ ዋጋ በላይ የሚከፍለው ገዢ ሊያገኝ ይገባል፤ ያ ገዢ ማራቢያ ማዕከሉ ወይም የዲቃላ ጊደር የሚያባዛ ማኅበር ሊሆን ይችላል። በቀበሌው በተመረጠ የፎገራ ኮርማ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች መኖና ክትባት በቅድሚያ ሊያገኙ ይገባል። በየቀበሌው ጥቂት ኮርማ ተመርጦ፣ ሌላው ተቀጥቅጦ ለእርሻና ለማድለቢያ ቢውል ኮርማዎቹ ከእናታቸው ወተት አንጻር የተመረጡ ይሆናሉ። ዛሬ ኮርማ ሆኖ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ሳይሸጥ የቀረው ነው፤ ጥሩው ወይፈን አስቀድሞ ገበያ ወጥቷል። በሩዝ ገለባ የሚኖረው መንጋም ገለባው በዩሪያ ቢታከምለት ይጠቀማል፤ የሩዝ ገለባ ብዛት እንጂ ጉልበት የለውም።

ከፎገራ ሜዳ ውጪ ባለው አገርም ምርጫው ፍሪዥያን ብቻ መሆን የለበትም። ወተት ሰብሳቢ መኪና በየቀኑ በሚመጣበት በደብረ ብርሃንና በባሶና ወራና ዙሪያ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር ከተማ ዳር ፍሪዥያን ቦታው ነው። የቢራ አተላውም ፉርሽካውም በቅርብ አለ፤ የሚሸጠው በሊትር ነው። ከአስፋልት ሁለት ሰዓት በእግር በሚርቅ ቀበሌ ግን ወተት በሊትር የሚገዛ የለም። እዚያ የሚሸጠው ቅቤ ነው። የፍሪዥያን ወተት ስብ 3 ነጥብ 5 በመቶ ገደማ ሲሆን የጀርሲ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ጀርሲ ሰውነቷ ትንሽ፣ ቀለቧም ያነሰ ነው። ወተት ለሚንጥ ቤት የጀርሲ ዲቃላ ትሻላለች፤ ይህን እያወቀ ለሩቅ ቀበሌ የጀርሲ ዘር የሚጠይቅ ወረዳ ግን ጥቂት ነው።

ጾሙም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ሲገባ የወተት ገዢ ይጠፋል፤ ማኅበራቱ ወተት አንቀበልም ይላሉ ወይም ዋጋ ይቀንሳሉ። ላሟ ግን አትጾምም። ጥጃ የሚወለድበት ጊዜ ከተቻለ ከጾሙ ማብቂያ ጋር እንዲገጥም ማዳቀሉን ማሰብ፣ በጾም ወራት ቅቤና አይብ ለማዘጋጀት የሚያስችል መናጫና ማቀዝቀዣ በማኅበር ደረጃ መያዝ ተገቢ ነው። ሙስሊም ነዋሪዎች በብዛት ባሉባቸው የወሎ ከተሞች ጫናው ቀለል ይላል፤ እዚያ ድረስ ወተቱን የሚያደርስ መኪና ካለ።

ቅቤ ሲነሳ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ቅቤው የሴቲቱ ነው፤ ከልማድ እሷ ትንጣለች፣ እሷ ትሸጣለች፣ ከገንዘቡም ጨውና ደብተር ትገዛለች። ወተቱ ወደ ማኅበር ሲሄድ በስም የተመዘገበው ባልየው ከሆነ ክፍያው ወደ እሱ ይዞራል። ድካሙ ግን አይዞርም፤ ማለቡ፣ መኖ ማጨዱ፣ በረት መጥረጉ፣ ውሃ መቅዳቱ በእሷ ላይ ይጨምራል። የወተት ማኅበራት ሲመዘገቡ የሚስት ስም ከባል ጎን ይጻፍ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ላሟን ጠዋትና ማታ የሚያያት፣ ድራቷንም ቀድሞ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ለገጠር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ወንዱ ዲቃላ ጥጃም የራሱ ጣጣ አለው። ሻኛው ትንሽ ስለሆነ ቀንበር አይዝለትም እየተባለ አርሶ አደሩ አያርስበትም። ስለዚህ ከሁለት ጥጃ አንዱ ሸክም ሆኖ ይታያል፤ ብዙዎቹ እንገር እንኳ በወጉ ሳይጠቡ ይሞታሉ። በፍጥነት ስለሚያድጉ ለማድለብ ከአበሻ ወይፈን ይሻላሉ፤ ይህን የሚገዛ ገበያ ማመቻቸት ለወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤትም ሥራ ነው። በዘጠና በመቶ ግድም ሴት ጥጃ የሚያስገኝ ጾታው የተለየ የኮርማ ዘርም መጥቷል፤ ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ መኖና መዝገብ ያለው ቤት እየተመረጠ ቢሰጥ ይሻላል።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን ከዶሮ፣ ከማርና ከዓሣ ጋር በየቤቱ ለማድረስ አቅዷል። ለወረዳዎቹ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ በጀትም ትኩረትም ይዞ መጥቷል። አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ትኩረት ሲበዛ ኮታም ይበዛል፤ ኮታ ሲበዛ በቀላሉ የሚቆጠረው ብቻ ይሠራል። አንድ መንደር ሃምሳ ዲቃላ ጊደር ከሚቀበል አሥር ቤት አስቀድሞ መኖ ተክሎ አሥር ጊደር ቢቀበል ይሻላል። በሦስተኛው ዓመት አርባዎቹ ራሳቸው ጠይቀው ይመጣሉ፤ ያኔ ቅስቀሳ አያስፈልግም።

የአዲሱ ዓመት ዕቅድ በየወረዳው በሐምሌ ይጸድቃል። በእንስሳት ሀብት ሰንጠረዡ ላይ ከተዳቀሉ ላሞች ዓምድ ቀጥሎ ሦስት ዓምዶች ይጨመሩ፤ መኖ የተከሉ ቤተሰቦች፣ ላሟ በቀን የታለበችው ሊትር፣ በሁለት ወሊድ መካከል የቆየችው ወር። በፎገራ ሜዳ ላሉት ወረዳዎች ደግሞ አራተኛ፤ በዓመቱ የተወለዱ ንጹሕ የፎገራ ጊደሮች። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ደካማ መሆኑ አይቀርም። ደካማውን ቁጥር ይዞ ሪፖርት የሚያቀርብ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ በግምገማው ላይ ከመወቀስ ይልቅ መደመጥ አለበት፤ ያም የዞኑና የክልሉ ግብርና ቢሮ ድርሻ ነው።